ዘበኛው የከለከለው ስም

ጋሽ ማርቆስ የሞቱት ማክሰኞ ጠዋት ነው። በስንት ሰዓት እንደሞቱ ለመመስከር ግን ግማሽ ሀዋሳ ዝግጁ ነበር። ልክ በሦስት ሰዓት «የአዋሳ ትዝታ» በሚባለው የቴሌግራም ቻናላቸው ላይ እንደ ወትሮው አንድ የድሮ ፎቶ ተለጥፎ፣ ከሥሩ «እንደምን አደራችሁ ወዳጆቼ» የሚል ሰላምታ ሰፍሮበታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ረዳታቸው ብርሃነሽ መናኸሪያ አጠገብ ያለውን ፎቶ ቤት ስትከፍት፣ ፊልም በሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል ወለሉ ላይ ተዘርረው አገኘቻቸው። አጠገባቸው መሰላል ወድቋል።

መርማሪ ኢንስፔክተር ዓይናለም ስትደርስ የባጃጅ ሾፌሮች ሥራቸውን ትተው በሩ ላይ ተኮልኩለው ነበር። አንዱ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል።

«የሠርጌን ፎቶ ያነሱኝ እሳቸው ናቸው» አላት ሳትጠይቀው።

እሷንም አንስተዋታል። ግድግዳው ላይ ሐይቅ የተሳለበት መጋረጃ ዛሬም እንደተዘረጋ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም ብቻ ወደ ግራጫ ሄዷል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሰሞን፣ በእህቷ ሹራብ እዚያ መጋረጃ ፊት ተቀምጣ ነበር። «አገጭሽን ዝቅ፤ አሁን የምትወጂውን ሰው አስቢ» አሏት። ያን ፎቶ እናቷ እስከ ዕለተ ሞታቸው በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር።

ሐኪሙ ከሬሳው አጠገብ ተነሣ።

«ሰውነታቸው መድረቅ ከጀመረ ቆይቷል። የሞቱት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው እል ነበር። ግን በሦስት ሰዓት ጽፈዋል ካላችሁ…» ትከሻውን ሰበቀ።

«ከመሰላል ወድቀው ይሆን?»

«የጭንቅላታቸው ቁስል ከዚህ ከብረት ጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ይገጥማል። እንዴት እንደወደቁ ግን ቁስሉ አይናገርም።»

ብርሃነሽ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ለሃያ ዓመት ከጋሽ ማርቆስ ጋር ሠርታለች። ዓይናለም አጠገቧ ተቀመጠች።

«መሰላል ላይ ምን ሊያወርዱ ይወጣሉ?»

ብርሃነሽ ቀና አለች። «መሰላል? ጋሽ ማርቆስ? ጉልበታቸውን ካመማቸው አራት ዓመት ሆናቸው። ደረጃ እንኳ እኔን ተደግፈው ነው የሚወጡት። መሰላል የምወጣው እኔ ነኝ።»

ዓይናለም ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች።

ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ የተነሡ ፎቶዎች ኔጋቲቭ በየዓመቱ በካርቶን ተደርድሯል። ብርሃነሽ አንድ በአንድ ፈተሸችው። የጎደለው አንድ ፖስታ ብቻ ነው፦ ጥር 1982፣ ሐይቅ ዳር።

«ሰሞኑን የተጣሉት ሰው ነበር?»

ብርሃነሽ አመነታች። «አልአዛር አለ፤ ለቻናሉ ቦት የሠራላቸው። እሑድ ዕለት በስልክ ሲጮኹበት ሰምቻለሁ። ትናንት ደግሞ ኢየሩስ የምትባል ሴት መጥታ እዚሁ በር ላይ ጮኸችባቸው። "የወንድሜን ስም ለምን ታጠፋላችሁ" ስትል ነበር።»

*

አልአዛር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። የጋሽ ማርቆስን ሞት ከቻናሉ አንብቦ ኖሮ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ቦት ማለት ምንድነው? ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ ንገረኝ» አለችው ዓይናለም።

«ቻናሉን በሰው ፋንታ የሚጠብቅ ፕሮግራም ነው። አርባ ሺህ ሰው በየፎቶው ሥር ይጽፋል፤ ያን ሁሉ ማን አንብቦ ይዘልቀዋል? ቦቱ ተሳዳቢ ሲመጣ ያጠፋል፣ ማስታወቂያ ያጠፋል፣ አዲስ ሰው ሲገባ ሰላም ይላል። ጋሽ ማርቆስ "ዘበኛው" ነበር የሚሉት።»

«ታዲያ በምን ተጣላችሁ?»

«ሰዎች "የጻፍነው እየጠፋ ነው" ብለው ከሰሷቸው። "ዘበኛህ ሌባ ሆኗል፤ የሰው ትዝታ ይሰርቃል" አሉኝ። እኔም ተናደድኩ። "ቦቱ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ካላመኑኝ ሌላ ሰው ይፈልጉ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁባቸው።» ዓይኑን በእጁ ጠረገ። «አባቴ ሲሞት ፎቶ አልነበረንም። ጋሽ ማርቆስ ሦስት ቀን ካርቶን ሲፈትሹ ውለው አንድ አገኙልኝ። ቦቱን የሠራሁላቸው በነፃ ነው፤ ለዚያ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤት። ተኝቼ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ዓይናለም ተነሣች። «እኔ ሳልፈቅድ ቦቱን እንዳትነካ። ምንም እንዳትከፍት።»

*

የኢየሩስ ቤት ሐይቅ ዳር፣ በሁለት አዳዲስ ሆቴሎች መካከል የቀረ የጭቃ ቤት ነው። በሩን የከፈቱት ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ እጃቸው ላይ የማተሚያ ቀለም ያለባቸው የአምሳ ዓመት ሰው ናቸው።

«ይግቡ፣ ይግቡ። ኩማ እባላለሁ። መናኸሪያ ማተሚያ ቤት አለኝ። የእማማን መድኃኒት ላደርስ መጥቼ ነው።»

እማማ ጫልቱ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል። ልጃቸው ኢየሩስ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ጮኼባቸዋለሁ፤ አልዋሽም» አለች ኢየሩስ። «ወንድሜ ዮናስ በአሥራ ሰባት ዓመቱ እዚህ ሐይቅ ውስጥ ነው የሞተው። ጥር 13 ቀን 1982። ከሦስት ሳምንት በፊት ጋሽ ማርቆስ የዚያ ዘመን ልጆች ዳር ላይ ቆመው የተነሡትን ፎቶ ለጠፉ፤ ከመካከላቸው ዮናስ አለ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱን በፎቶ አይተን አናውቅም ነበር! "ይህ ወንድሜ ዮናስ ነው፤ የሚያስታውሰው አለ ወይ?" ብዬ ጻፍኩ። ጠፋ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ጠፋ። አሥራ አንድ ጊዜ።»

«ጋሽ ማርቆስ ምን አሉሽ?»

«በጣም ደነገጡ። "የማውቀው ነገር የለም ልጄ፤ ግን የዚያን ሰሞን ፊልም በሙሉ ከሥሩ አየዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ቻናሉን ተመልከቺ" አሉኝ። በጠዋት የወጣው ግን የፒያሳ ፎቶ ነው።»

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሥራ ላይ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ገብቼ ካርዴን አስመዝግቤያለሁ።»

አቶ ኩማ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ለእማማ ጫልቱ በእጃቸው አስያዙ። «እኔም ከጋሽ ማርቆስ ጋር የቻናሉ አድሚን ነኝ፤ በሥራ አግዛቸው ነበር። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እማማን ክሊኒክ ይዤ ተራ ስንጠብቅ ነበር የዋልነው። በሦስት ሰዓት ፎቶው ሲወጣ ለእማማ አነበብኩላቸው። ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።» አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ኩማ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አሉ እማማ ጫልቱ። «የዮናስ ጓደኛ ነበር። ያን ቀን ሻሸመኔ አክስቱ ጋ ባይሄድ ኖሮ ልጄ ብቻውን ውኃ አይገባም ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ አልተለየኝም። ጣራዬን የቀየረ እሱ፣ ሐኪም ቤት የሚያመላልሰኝ እሱ። አንዱን ወስዶ አንዱን ሰጠኝ።»

አቶ ኩማ መነጽራቸውን አስተካከሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዓይናለም ስትወጣ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። በልጅነቷ እዚህ ሆቴል አልነበረም፤ ሸምበቆ ነበር፤ ከሸምበቆው ኋላ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ይታሰር ነበር። የልጁን መሞት የሰማችበትን ቀን አስታወሰች። አሥር ዓመቷ ነበር። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ለአንድ ወር ልጆቻቸውን ወደ ውኃው ዳር አላስጠጉም።

*

በማግስቱ ብርሃነሽ ቃሏን ለመፈረም ጣቢያ መጣች። ዓይናለም በስልኳ የማክሰኞውን ፎቶ ከፍታ ጮክ ብላ አነበበችላት፦

«"እንደምን አደራችሁ ወዳጆቼ። የድሮዋ ሀዋሳ ፒያሳ፣ 1975።"»

ብርሃነሽ ስክሪብቶውን አስቀመጠች። «አንዴ ስልኩን ስጪኝ።»

ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄን የጻፉት እሳቸው አይደሉም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«"ሀዋሳ" ይላል። ጋሽ ማርቆስ "አዋሳ" ነው የሚሉት፤ ሲጽፉም እንደዚያው ነው። ልጆቹ "ስሟ ተስተካክሏል እኮ ጋሼ" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። "ትክክል ናችሁ፤ እኔ ፎቶ ያነሣኋት ግን አዋሳ ናት፤ አፌ ለመደ፣ ምን ላድርግ" ይላሉ። ሦስት ዓመት በየቀኑ ጽፈዋል፤ ወደ ኋላ ሄደሽ እዪ።»

ዓይናለም ወደ ኋላ ሄደች። ሃምሳ ፎቶ፣ መቶ ፎቶ። የድሮው ገበያ፣ ብስክሌት የተደገፉ ጎረምሶች፣ ዝናብ የበላው የትምህርት ቤት አጥር፣ ታቦር ተራራ ሥር ለሽርሽር የወጡ ሴቶች። በሁሉም ሥር አዋሳ፣ አዋሳ፣ አዋሳ።

ስልኩን አንሥታ አልአዛርን ጠራችው።

*

አልአዛር በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

«ሰው በሌለበት ፎቶ ሊለጠፍ ይችላል?» አለችው ዓይናለም።

«እንዴታ! ጋሽ ማርቆስ ሁልጊዜ ማታ ነው የሚያዘጋጁት። ፎቶውን ለዘበኛው ይሰጡታል፤ እሱ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይለጥፈዋል። አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም።»

«ይሄን ቀድመህ ለምን አልነገርከኝም?»

«"ምንም እንዳትነካ" ብለው ሄዱ እንጂ አልጠየቁኝም። ደግሞስ ሰዓቱ ጥያቄ መሆኑን በምን አውቄ?»

ዓይናለም ከንፈሯን ነከሰች። እውነቱን ነው።

«ማክሰኞ የወጣው መቼ ተዘጋጀ?»

አልአዛር መዝገቡን ወደ ታች ጎተተ፤ ድንገት ቆመ። «የፒያሳው ፎቶ የገባው ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው፤ ከፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር። ከዚያ በፊት ግን… ሌላ ፎቶ ነበር። ሰኞ ማታ ጋሽ ማርቆስ ያስገቡት። እሱ ወጥቶ ነው ይሄ የተተካው።»

«የወጣው ፎቶ ይገኛል?»

«የተሰረዘውን ሁሉ ቦቱ ለአንድ ወር ያስቀምጣል። አድሚኖቹ ግን ይሄን አያውቁም፤ በስህተት የጠፋ ቢኖር ብዬ ራሴ የጨመርኩት ነው።» አፉን ያዘ። «ቆይ፤ የጠፉት መልእክቶችም አሉ ማለት ነው።»

የተከለከሉ ቃላትን ዝርዝር አወጣ። ስድቦች ነበሩ፤ «ሥራ በቤትዎ ሆነው» የሚሉ የማስታወቂያ ቃላት ነበሩ። መጨረሻው ላይ ከሃያ ሁለት ቀን በፊት የተጨመረ አንድ ቃል አለ፦ ዮናስ።

አልአዛር ፊቱ አመድ መሰለ። «ይሄን ስም የያዘ ሁሉ ሲጠፋ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራት መልእክት። እኔ ደግሞ ኩራቴ ይዞኝ ገብቼ ሳላይላቸው…»

«ማን ጨመረው?»

«መዝገቡ አድሚን መሆኑን እንጂ ስሙን አይዝም። ያለነው ሦስት ነን። ጋሽ ማርቆስ፣ እኔ፣ አቶ ኩማ።»

«ፎቶውን አምጣው።»

ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ተገለጠ። ጋሽ ማርቆስ ያነሡት ዳር ላይ የተሰለፉትን አባ ኮዳዎች ነበር። ከወፎቹ ኋላ፣ ውኃው ላይ፣ ጥግ ይዛ አንዲት ትንሽ ጀልባ ትታያለች። ውስጧ ሁለት ጎረምሶች አሉ። አንዱ ባለመስመር ሸሚዝ ለብሶ ይቀዝፋል። ሌላው የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይስቃል። ጋሽ ማርቆስ ከሥሩ ጽፈዋል፦ «ጥር 13 ቀን 1982፣ አዋሳ ሐይቅ።»

*

ዓይናለም ኢየሩስን በምሳ ሰዓቷ ከፋብሪካው በር ውጭ ጠራቻት። ኢየሩስ ፎቶውን ተቀብላ ወዲያው ተንበረከከች።

«ሸሚዙ! እናቴ በዚያው ጠዋት ከገበያ ገዝታ ያመጣችለት ነው። ሬሳውን ያገኙትም ይህንኑ እንደለበሰ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ለብሶት አያውቅም።»

«ሁለተኛውስ ማነው?»

ኢየሩስ ጣቷን ፎቶው ላይ አሳረፈችና፣ እንደተቃጠለ ሰው መልሳ ሰበሰበችው።

«አይሆንም። ሻሸመኔ ነበር እኮ።»

«ማን?»

«ኩማ።»

*

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ እየሠራ ነበር። የሚታተመው የጋሽ ማርቆስ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ለቀብር የሚበተን። አቶ ኩማ ወረቀቶቹን ጠርዝ በጠርዝ እያስተካከሉ ይደረድራሉ።

«ማሽኑን ያጥፉት» አለች ዓይናለም።

አጠፉት። ፎቶውን ወረቀቶቹ ላይ አኖረችው። አቶ ኩማ ሲያዩት አልደነገጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ተቀመጡ።

«በሦስት ሰዓት ክሊኒክ ነበርኩ» አሉ፤ ራሳቸው እንኳ በማያምኑበት ድምፅ።

«ክሊኒክ ነበሩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ግን አልነበሩም። እማማን የወሰዷቸው በሁለት ሰዓት ነው።»

ውጭ የሚኒባስ ረዳቶች «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!» እያሉ ይጣራሉ።

«ዋና አልችልም ነበር» አሉ አቶ ኩማ። «ጀልባዋን ሳናስፈቅድ የወሰድነው በእኔ ግፊት ነው። መሀል ስንደርስ ተገለበጠች። ዮናስ ከሥር ገፍቶ አወጣኝና የተገለበጠችው ጀልባ ሆድ ላይ አጣበቀኝ። "መቅዘፊያውን ላምጣ" ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። ነፋሱ እኔን ወደ ዳር ወሰደኝ። ከዚያ ሮጥኩ። እስከ ሻሸመኔ በመኪና፣ እስከ አክስቴ ቤት በእግሬ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«መጀመሪያ ፈራሁ። ለቀብር ስመጣ እማማ አቅፈውኝ "አንተ ብትኖር ኖሮ ልጄ አይሞትም ነበር" አሉ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ይነገራል? ነገ እያልኩ፣ ነገ እያልኩ እናቴ ሆኑ።»

«ጋሽ ማርቆስስ?»

«ሰኞ ማታ ደወሉልኝ። "ሳይወጣ በፊት መጥተህ እይ" አሉኝ። በጠዋት ሄድኩ። አልተቆጡኝም። "አልፈርድብህም፤ ልጅ ነበርክ። ግን እናትየው ከአርባ ሺህ ሰው ጋር ከሚሰሙት አንተ ንገራቸው። እስከ ሦስት ሰዓት ጊዜ አለህ" አሉ። ኔጋቲቩን ከእጃቸው ልነጥቅ ታገልኩ። ገፋኋቸው። ጠረጴዛው…» እጃቸውን ፊታቸው ላይ ጫኑ። «መሰላሉን አመጣሁ። ፎቶውን ቀየርኩ። ልገድላቸው አልሄድኩም።»

«ሲወጡ ይተነፍሱ ነበር?»

አቶ ኩማ መነጽራቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«ይተነፍሱ ነበር። ሁለት ጊዜ ሮጫለሁ፣ ኢንስፔክተር። ሁለቱንም ጊዜ ሰው ትቼ ነው።»

ዓይናለም ካቴናውን አወጣች። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ እጇ የከበዳት ያን ቀን ነው።

*

ለእማማ ጫልቱ የነገረቻቸው ራሷ ዓይናለም ናት፤ ዓርብ ዕለት፣ ከጋሽ ማርቆስ ቀብር መልስ። አልአዛር ስሙን ከዝርዝሩ አውጥቶ፣ ዘበኛው የሰረዛቸውን ሁለት መቶ አሥራ አራት መልእክቶች በወረቀት አትሞ ሰጥቷት ነበር።

ኢየሩስ ለእናቷ አነበበችላቸው። አንዱ ከአዳማ ጽፏል፤ ዮናስ በኳስ ሜዳ ቁርጭምጭሚቱን ሰብሮት፣ ከዚያ አዝሎ ቤቱ ድረስ እንደወሰደው። አንዲት ሴት ዘጠነኛ ክፍል እያለች ደብዳቤ እንደጻፈችለትና መልስ እንዳልሰጣት ጽፋለች፤ «ዛሬም አልረሳሁትም» ትላለች። ብዙዎቹ «ዮናስ! እንዴት ያለ ልጅ ነበር!» ከማለት አያልፉም።

እማማ ጫልቱ ሁሉንም ሰሙ። ሲያልቅ ፊታቸውን ወደ ዓይናለም ድምፅ መለሱ።

«ብቻውን አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም፣ እማማ። ሰው እያወጣ ነበር።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት» አሉ፤ «ማንን እየጠራ ሞተ ይሆን እያልኩ አድሬያለሁ። ኩማ እዚህ አጠገቤ ተቀምጦ እያወቀ።» ደረታቸውን መቱ። «ማርቆስን ደግሞ! ያን ደግ ሰው!»

ኢየሩስ እጃቸውን ያዘች። እማማ ጫልቱ እጃቸውን አስለቀቁ።

«ኩማን ማየት አልፈልግም። ድምፁንም መስማት አልፈልግም። ግን ልጄ ውኃው ላይ ያለውን፣ የሳቀውን፣ የተናገረውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ይጻፍልኝ። አንዲት ሳያስቀር።»

ዓይናለም ጣቢያ ተመልሳ ለአቶ ኩማ ወረቀትና ስክሪብቶ ሰጠቻቸው። ምን እንደሚጻፍ ስትነግራቸው ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። ከዚያ መጻፍ ጀመሩ፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጻፉ፤ ሁለቴ ተጨማሪ ወረቀት ጠየቁ።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ወረቀቶቹን ይዛ ወደ ጭቃው ቤት ሄደች። ኢየሩስ ተቀበለቻት። የመጀመሪያዋን መስመር በልቧ አንብባ እናቷን አየች።

«ላንብበው፣ እማ?»

እማማ ጫልቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«ቀስ ብለሽ» አሉ።